መልኩ አንድ፣ ሥሩ ለየቅል

በሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ያለውን ቤታችንን በገዛን በሁለተኛው ዓመት፣ በሐምሌ ወር አጋማሽ፣ አጥር የምንጋራቸው አረጋዊት ጎረቤታችን በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ችግኝ ይዘውልኝ መጡ። ቀጥ ባለ አገዳ ላይ ከታች እስከ ላይ የተደረደሩ፣ አንገታቸውን የደፉ ሐምራዊ ደወሎች ነበሩት። «ይህ አበባ ውኃ አጠጪኝ፣ ተንከባከቢኝ አይልም፤ ጥላ ውስጥም ይበቅላል፤ የእኛ አገር ብርድም አይገድለውም» አሉኝ። ከነገሩኝ ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረበትም። ከእኛ በፊት የነበሩት ባለቤቶች ከተከሏቸው፣ ፒዮኒ ከሚባሉ ትልልቅ አበቦች ኋላ፣ ምንም ነገር አልጸድቅ ባለኝ ጥላማ ጥግ ላይ ተከልኩት፤ በሳምንቱ ራሱን ቀና አድርጎ ሳገኘው ደስ አለኝ፤ ጎረቤቴንም ደግሜ አመሰገንኳቸው።

በሦስተኛው ዓመት ያ ጥግ ሙሉ በሙሉ ሐምራዊ ሆነ። በአራተኛው ዓመት ደወሎቹ ከፒዮኒዎቹ መሀል ብቅ አሉ፤ በአምስተኛው ዓመት ሆስታ የተባለውን ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል እየገፉ ወጡ፤ ሣሩ ላይ ደግሞ ልብ የሚመስሉ ትናንሽ ቅጠሎች እዚህም እዚያም ተነጠፉ። ቫዮሌት የሚባለው ትንሽ የዱር አበባ መስለውኝ ዝም አልኳቸው። ማጨጃው በየሳምንቱ አናታቸውን ቢቆርጣቸውም ለጥ ብለው ከመብቀል አላገዳቸውም። በዚያ ዓመት ከፒዮኒዎቹ ሁለቱ አላበቡም።

እኔ ደወል አበባ የምለው የተክል ወገን በሳይንስ ካምፓኑላ ይባላል፤ በላቲን ትንሽ ደወል ማለት ነው። ከ400 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሰፊ ወገን ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚበቅሉት በሰሜኑ የምድር ክፍል፣ በተለይም በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያና በካውካሰስ ተራሮች ነው። ከእነዚህ ውስጥ የአትክልት ቦታ ጌጥ የሆኑት ብዙ ናቸው። ጎረቤቴ የሰጡኝ ግን በእንግሊዝኛ ክሪፒንግ ቤልፍላወር የሚሉት፣ ካርል ሊኔየስ በ1753 ካምፓኑላ ራፑንኩሎይደስ ብሎ የሰየመው ዝርያ ነበር። የትውልድ አገሩ አውሮፓና ምዕራብ እስያ ነው፤ ወደ ሰሜን አሜሪካም ለውበቱ ሲባል፣ በሰው እጅ፣ እንደ አትክልት አበባ መጣ። የስሙ ሁለተኛ ክፍል «ራፓ» ከሚለው፣ ሥሩ ከሚበላ አትክልት የላቲን ስም የተወሰደ ነው። እኔ አበባውን ሳይ ከረምኩ እንጂ፣ ስም አውጪው በደንብ ያየው ሥሩን ነበር።

ሥሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ ያየሁት እናቴ ከደባርቅ ልትጠይቀን በመጣችበት ዓመት ነው። እናቴ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይሆንላትም፤ በመጣች በሦስተኛው ቀን መጫሚያዋን ለውጣ ጓሮ ወጣች። እኔ አገዳውን በእጄ ጨብጬ ስስብ ቀጭን ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይዞ ብቻ ተበጥሶ ሲመጣ አየችና «ተይ ልጄ፣ እየነቀልሽው አይደለም፤ እየገረዝሽው ነው» አለችኝ። መንሹን ተቀብላ ከተክሉ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ሰካችና አፈሩን በቀስታ ገለበጠችው። ክሩ ከላይ ባለው አፈር ውስጥ ወደ ጎን ይሄዳል፤ በየጥቂቱም አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ይህ የሚንፏቀቀው ግንዱ ነው። ነገር ግን ክሩን ተከትለን ወደ ታች ስንቆፍር፣ ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ጣት የሚያክል፣ ቀጭን ካሮት የሚመስል፣ ነጭና ሥጋማ ሥር አገኘን። እናቴ በጥፍሯ ጫር ስታደርገው ነጭ ወተት ወጣው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ እያገላበጠች አየችውና «ይሄ ሰርዶ ነው፤ የሰርዶ ታላቅ ወንድም» አለች።

ከዚያ በኋላ ካነበብኩት ሁሉ ይህን አረም የእናቴን ያህል በአጭሩ የገለጸልኝ የለም። እርሻ ያየ ሰው ሰርዶን ያውቀዋል፤ ስትቆርጠው ይበዛል፤ ማረሻ ሲበጣጥሰው እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል። ወራሪው ደወልም እንዲሁ ነው። ከላይ ያለው ክር ቢነቀል ከታች ያለው ጎተራ እንደገና ያበቅለዋል፤ ከጎተራው አንድ ቁራጭ በአፈር ውስጥ ከቀረ ያ ቁራጭ ይነሣል። በዚህ ላይ አንዱ ተክል በአንድ ወቅት በሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል። እኔ ለሦስት ዓመት አረምኩ ብዬ የማስበው ሁሉ ለእርሱ ማባዣ ነበር።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የሠራሁት ስሕተት ከመጀመሪያው የከፋ ስለሆነ ሳልሸሽግ ልጻፈው። በሚቀጥለው ጸደይ የደወል ነገር ያለው ሁሉ ጠላቴ ሆነ። በፊት ለፊት ባለው መደብ ላይ ከአንድ ችግኝ መሸጫ ገዝቼ የተከልኩት፣ ለአራት ዓመት ከቦታው ንቅንቅ ያላለ ባለ ኮክ ቅጠል ደወል ነበረኝ፤ እርሱን ቆፍሬ ጣልኩት። ከጓሮው ጥግ ዛፉ ሥር በራሱ የበቀለ፣ ቁመቱ ትከሻዬ የሚደርስ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አበባ ያለው ተክልም ነበር፤ እርሱንም ነቀልኩት። ሲነቀል ምንም አላስቸገረኝም፤ ሥሩ ተጠቅልሎ በአንድ ጊዜ ወጣ። ያኔ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ያ ተክል አሜሪካዊው ደወል አበባ፣ የዚህ አገር የጫካ ተወላጅ ነበር፤ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ኖሮ፣ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ የሚሞት፣ ከመሬት በታች የሚንፏቀቅ ምንም ነገር የሌለው ተክል ነው። አበባው እንኳ ደወል አይመስልም፤ አምስቱ ከንፈሮች እንደ ኮከብ ተዘርግተው፣ ከመሀላቸው ረዥም ጎበጥ ያለ ዘንግ ይወጣል። ወራሪውን ለዓመታት ስመግብ ኖሬ የአገሩን ልጅ በአንድ ከሰዓት አጠፋሁ።

ስለዚህ መለየትን እንደ ትምህርት ያዝኩት። አበባን በአበባው መለየት ተፈጥሯዊ ይመስላል፤ በዚህ ወገን ግን መጨረሻ ላይ መታየት ያለበት አበባው ነው። ሐምራዊ ደወል ሁሉም ጋ አለ።

የመጀመሪያው ምልክት ቅጠሉ ነው። ወራሪው ደወል ሁለት ዓይነት ቅጠል አለው፤ ከመሬት አጠገብ ያሉት ረዘም ባለ እጀታ ላይ የተቀመጡ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የተጠረበ ልቦች ናቸው፤ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እጀታው እያጠረ፣ ቅጠሉም እየጠበበ እንደ ጦር ጫፍ ይሆናል። ሲዳሰስ ሻካራ ነው። ከባለ ኮክ ቅጠሉ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል፤ የእርሱ ቅጠል ስሙ እንደሚለው የኮክ ዛፍ ቅጠል ይመስላል፤ ጠባብ፣ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ሆኖ መሬት ላይ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ ልብ የሚመስል ነገር በየትኛውም ቦታ የለውም። ይህን ብቻ ባውቅ ኖሮ ያን ተክል አላጠፋውም ነበር።

ቀጥሎ አገዳው ይታያል። የወራሪው ደወሎች በአገዳው በአንድ ወገን ብቻ ይሰለፋሉ፤ ሁሉም ወደዚያው ዞረው፣ አፋቸውን ወደ ታች አድርገው ይንጠለጠላሉ፤ የሚፈነዱትም ከታች ወደ ላይ በተራ ነው። ባለ ኮክ ቅጠሉ አበባዎች በቁጥር ጥቂት፣ አፋቸው ሰፊና የተከፈተ ሲሆን፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ ያያሉ። ደወሉ ከአገዳው በሚጋጠምበት ቦታ ያሉትን አምስት ትናንሽ አረንጓዴ ቅጠሎችም ማየት ያስፈልጋል፤ በወራሪው ላይ እነዚህ ቅጠሎች ወደ ኋላ ታጥፈው አበባው ሲከፈት ይርቁታል።

አበባው አልፎ ፍሬው ሲደርቅም ልዩነቱ አለ፤ ይህን ያየሁ ቀን ብዙ ተገርሜያለሁ። የሁለቱም ፍሬ ትናንሽ ቀዳዳዎች ከፍቶ ዘሩን የሚያፈስ ቋት ነው። የባለ ኮክ ቅጠሉ ቋት ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ቀዳዳዎቹ የሚከፈቱት ከላይ በአናቱ በኩል ነው፤ የወራሪው ቋት ተዘቅዝቆ ስለሚንጠለጠል ቀዳዳዎቹ የሚከፈቱት በግርጌው በኩል ነው። የተዘቀዘቀ ዕቃ ግርጌው ወደ ሰማይ ስለሚሆን፣ በሁለቱም ዘንድ ቀዳዳው ያለው ከላይ ነው። ዘሩ እንዲሁ ተንጠባጥቦ ከእናቱ እግር ሥር አይወድቅም፤ ነፋስ አገዳውን እስኪያወዛውዘው ጠብቆ ይረጫል። በመስከረም አንድ የደረቀ አገዳ ቆርጬ በነጭ ወረቀት ላይ ቀስ ብዬ ሳወዛውዘው፣ ከጤፍ የማይበልጡ ቡናማ ዘሮች እየተፈናጠሩ ወረቀቱን ሞሉት፤ ገሚሱም ከወረቀቱ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ።

ለባለሙያም የሚያስቸግር ተመሳሳይ አለ። አዴኖፎራ የሚባል፣ ከእስያና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ወራሪው ደወል በእርሱ ስም ሲሰጥና ሲሸጥ ቆይቷል። እኔም ከአንድ የችግኝ ገበያ በአዴኖፎራ መለያ ካርድ የገዛሁት ተክል አበባውን ስመረምረው ያው የማውቀው ወራሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለዚህ መፍትሔው አንድ አበባ ሠውቶ በጥፍር መሰንጠቅ ነው። በደወሉ መሀል ያለው ዘንግ ግርጌው ላይ ወፍራም ቀለበት ከከበበው አዴኖፎራ ነው፤ ስሙ ራሱ በግሪክኛ «እጢ ተሸካሚ» ማለት ሲሆን የማር ውኃውን የሚያመነጨው ያ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ከሌለ ካምፓኑላ ነው። ሥሩ ግን በዚህ ቦታ አይፈርድም፤ አዴኖፎራም ወፍራም ሥር አለው። ከሁሉ በላይ የማምነው ምልክት ሥሩ ቢሆንም፣ እዚህ ላይ የሚያስተማምነው አበባው ነው።

ገበያ ላይ ያለ ሁሉ ጨዋ እንዳልሆነም በዚያው ተማርኩ። ከኮሪያዋ የኡልሉንግ ደሴት የመጣው ታኬሲማና የተባለው ደወል ትልልቅ፣ ውስጣቸው በቀይ ነጠብጣብ ያጌጠ አበባዎች ስላሉት ሰው ይሻማበታል፤ ነገር ግን በተመቸው አፈር ላይ ከመሬት በታች እየተንፏቀቀ መደቡን ይወርሳል። አበባዎቹን በአናቱ ላይ እንደ ጡጫ የሚሰበስበው ግሎሜራታም ይስፋፋል፤ የእርሱ ሥር ጥልቀት ስለሌለው በጸደይ በአካፋ ዙሪያውን መቁረጥ ይበቃዋል። እነዚህን ወራሪ ማለት አልወድም፤ ሰፊ ቦታ ላለው ሰው ጥሩ ናቸው፤ ሻጩ ግን ጠባያቸውን በካርዱ ላይ ሊጽፍ ይገባ ነበር። «በፍጥነት ይሞላል» የሚል ማስታወቂያ ካየሁ እኔ አልገዛም።

ለጠባብ ጓሮ ያለ ስጋት የምመክረው የካርፓቲያን ደወልን ነው። በምሥራቅ አውሮፓ ከካርፓቲያን ተራሮች የተገኘ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የማይዘል፣ ክብ ጉብታ ሠርቶ በቦታው የሚቀመጥ ተክል ነው፤ አበባዎቹ እንደ ስኒ ወደ ሰማይ የተከፈቱ ናቸው። በየዓመቱ አንድ ክንድ መሄድ ቀርቶ አንድ ጣት አይሄድም። ከእርሱ ቀጥሎ የምወደው ሮቱንዲፎሊያ የተባለው የዚህ አገር ተወላጅ ነው፤ አገዳው ሽቦ የመሰለ ቀጭን፣ የአገዳው ቅጠሎችም እንደ ሣር የጠበቡ ናቸው። በሱፒሪየር ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ አፈር ያለ በማይመስልበት የዐለት ስንጥቅ ውስጥ፣ ከሐይቁ በሚነሣው ነፋስ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። ያን የመሰለ ለስላሳ ተክል ከወራሪው ጋር ተሳስቶ እንዳይነቀል የማስበው ብዙ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ በወራሪው አገዳ ላይ ሰፊ፣ ሻካራ፣ ባለ መጋዝ ቅጠል አለ፤ በእርሱ ላይ የለም።

እናቴ ስለዚህ ቤተሰብ ስነግራት ያላመነችኝ አንድ ነገር ነበር። ከሰሜን ተራሮች አናት ላይ፣ ከሰው ቁመት በእጅጉ የሚበልጥ የአበባ ምሰሶ አቁሞ የሚታየው ጅብራ የዚሁ የደወል አበባ ቤተሰብ አባል ነው። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ያው የቤተሰቡ ወተት ነው። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይቆይና አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። ካምፓኑላ ኤዱሊስ የተባለው ትንሹ ደወል ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ይበቅላል፤ ስሙ «የሚበላ» ማለት ሲሆን የሚበላውም ሥሩ ነው። ፎቶግራፉን ሳሳያት ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብላ ካየች በኋላ «ጅብራ በቦታው ነው፤ ማንንም አልነካም» አለች። ተክል በተፈጠረበት ቦታና በተወሰደበት ቦታ ያለው ጠባይ የተለያየ መሆኑን ጣና ላይ እምቦጭን ያየ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም፤ የእምቦጭም አበባ ሐምራዊና ያማረ ነው።

የማጥፋቱን ነገር በአጭሩ ልናገር፣ ምክንያቱም አቋራጭ የለውም። እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ቱፎርዲ አይረጩበትም ወይ?» ብላ ነበር፤ ይህን የአረም መድኃኒት በአገር ቤት በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ ሲረጭ ታውቀዋለች። ወራሪው ደወል ግን ቱፎርዲን ይቋቋማል። ግላይፎሴት የሚባለው ሌላው የአረም መድኃኒት ይሠራል፤ ሆኖም ያገኘውን ሁሉ ስለሚገድል በፒዮኒ መሀል ሊረጭ አይችልም፤ እኔ ቅጠሉን አንድ በአንድ በብሩሽ ነው የቀባሁት፤ ያም ተደጋግሞ ነው። ለቀረው ቦታ ፒዮኒዎቹን በመስከረም ከነሥራቸው አወጣሁ፤ ሥራቸውን በውኃ አጥቤ በውስጡ የተጠላለፈውን ነጭ ክር ለቀምኩ፤ አፈሩን አንድ ክንድ ያህል ቆፍሬ በወንፊት ነፋሁት። ያገኘሁትን ሥር ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አልጨመርኩትም፤ በጥቁር ፌስታል ቋጥሬ ፀሐይ ላይ አቆየሁትና ከቆሻሻ ጋር ሰደድኩት። አበባ ያወጣውን አገዳ ደግሞ ፍሬ ሳይዝ መቁረጥ የማይታለፍ ሥራ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር ይህ ተክል በሕግ ጎጂ አረም ተብሎ ስለተመዘገበ ባለ ይዞታው የመቆጣጠር ግዴታ አለበት፤ ካልጋሪ ያለችው የአክስቴ ልጅም ቤት በገዛች በዓመቱ ይህን ከጎረቤቶቿ ሰምታ ጓሮዋን ስትቆፍር ከርማለች። እኔ በሕግ ሳይሆን በፒዮኒዎቼ ተገድጄ ነው የጀመርኩት።

የከበደኝ ከአፈሩ ይልቅ ለጎረቤቴ መንገሩ ነበር። አረጋዊት ናቸው፤ ያን ችግኝ የሰጡኝ በፍቅር ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው መደባቸውም ከዳር እስከ ዳር በዚያው ደወል የተሞላ ስለሆነ፣ እኔ ብቻዬን ብቆፍር በየዓመቱ በአጥሩ ሥር ተመልሶ ይገባል። ሁለት ወር ያህል ቃል ሳጣ ቆየሁ። በመጨረሻ አንዱን ተክል ሳላቋርጥ ከነሙሉ ሥሩ አወጣሁና በሳህን ላይ አድርጌ ይዤላቸው ሄድኩ። ስለ አበባው ምንም ሳልናገር ሥሩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆይተው ካዩት በኋላ፣ ችግኙን ከ40 ዓመት በፊት ለእርሳቸው የሰጧቸው የባለቤታቸው እናት እንደነበሩ፣ በየበጋው ስለበዛ አትክልተኛ እጅ አለኝ ብለው ይኮሩበት እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያም «ታዲያ ከየት እንጀምራለን?» አሉ። በዚያ መስከረም በአጥሩ በሁለቱም በኩል ቆፈርን፤ እኔ በመንሽ፣ እርሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው በወንፊት።

አሁንም አልጠፋም። በዚህ ዓመት በግንቦት መጀመሪያ ከፒዮኒዎቹ መሀል አምስት ልቦች አገኘሁ፤ አምስቱንም እየተከተልኩ እስከ ታች ቆፈርኩ፤ አራቱ ከአንድ ሥር የመጡ ነበሩ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጎረቤቴ በሩን አንኳኩ። በእጃቸው በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አንድ ችግኝ ይዘዋል፤ ቅጠሉ ጠባብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የኮክ ቅጠል ነው። አፈሩን ሙሉ በሙሉ በውኃ አጥበው አስወግደውታል፤ ሥሩ እንደ ነጭ ጸጉር ተበታትኖ በሳህኑ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ክር የሚመስል ረዥም ነገር፣ ጣት የሚያክል ነገር የለበትም። ሳህኑን ወደ እኔ ዘርግተው «ከመትከልሽ በፊት እዪው» አሉኝ።